የአቼቶው ምርመራ «የድሃ ምርመራ» ነው ወይ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ፣ እንዲህ የሚል መልእክት ላከችልኝ።

«ቲቸር፣ ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እናቶችን ስንጠራ በአቼቶ እንደምንመረምር ሲሰሙ ይስቃሉ። አንዷማ ‹ለሀብታም ማሽን፣ ለኛ የሰላጣ አቼቶ!› ብላኝ ተነስታ ሄደች። ምን ብዬ ልመልስላት? ታሪኩን የሚያውቁት ከሆነ እባክዎ ይጻፉልን።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ሴትዮዋ ንግግር ታውቅበታለች። በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጥያቄዋ እኮ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ድሃ ስለሆንን የተናቀ ነገር ተሰጠን ወይ? ሠላሳ ምናምን ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ስለ ሴል ብዙ ብያለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አላነሳሁም። የሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ እናንተ ታፍራላችሁ፣ እኔም አፍራለሁ፣ ተያይዘን ቶሎ እናልፈው ነበር። ዛሬ ያንን ዕዳ ልክፈል። ረዘም ያለ ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። (ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ በሽታው ትንሽ ልበል። የማህፀን በር የሚባለው ማህፀን ወደ ብልት የሚከፈትበት አንገት ነው። የዚህ ካንሰር ልዩ ጠባይ ቀስ ማለቱ ነው። ሴሎቹ መልካቸውን መቀየር ከጀመሩ አንስቶ እውነተኛ ካንሰር እስኪሆኑ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ባለባቸው ሴቶች ይፈጥናል። በነዚያ ዓመታት ሴትየዋን አያማትም፣ ምንም ምልክት አታይም። የተለወጡት ሴሎች በዚያ ጊዜ ከተገኙ ደግሞ ሆስፒታል መተኛት ሳያስፈልግ በደቂቃዎች ሕክምና ይወገዳሉ።

አሥር ዓመት ሙሉ ለመያዝ ጊዜ የሚሰጥ በሽታ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ይገድላል? ቀጥሎ ያለው ታሪክ ሁሉ ለዚህች ጥያቄ መልስ የተፈለገበት ታሪክ ነው።

▪️ ምንጣፍ ሻጩ ዶክተር

ጆርጅ ፓፓኒኮላው በ1883 ኪሚ በምትባል የግሪክ የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተማረ፤ በ1913 ከሚስቱ ከአንድሮማኪ (ሜሪ) ጋር ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። እንግሊዝኛው ደካማ፣ ኪሱም ባዶ ነበር። አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ እሱ ምንጣፍ ሸጠ፣ እሷ ቁልፍ ሰፋች። ውጭ አገር ያላችሁ ተማሪዎቼ ይህችን ኑሮ ታውቋታላችሁ፤ በዲግሪው ሳይሆን በጉልበቱ የጀመረ ስንት አለ።

ብዙም ሳይቆይ ኮርኔል ሕክምና ትምህርት ቤት ሥራ አገኘ። ሥራው ስለ ካንሰር አልነበረም። የጊኒ ፒግ እንስሳትን የመራቢያ ዑደት ያጠና ነበር፤ እንስሳቱን ሳይገድል ከብልታቸው ፈሳሽ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሴሎቹን ያያል። ከዚያ ወደ ሰው ተሻገረ። የመጀመሪያዋ ተመርማሪ ሚስቱ ሜሪ ነበረች፤ ለዓመታት ናሙና ሰጥታዋለች። የላብራቶሪው ሠራተኛም እሷው ነበረች። በሕክምና ታሪክ ውስጥ የባል ስም ብቻ የተጻፈበት ብዙ ሥራ አለ፤ ይህ አንዱ ነው።

የካንሰር ሕመምተኞችን ናሙና ሲያይ የተበላሹት ሴሎች በግልጽ ታዩት። በ1928 ግኝቱን ባትል ክሪክ፣ ሚሺጋን በተደረገ ስብሰባ አቀረበ። ሰሚ አላገኘም። በነገራችን ላይ በዚያው ሰሞን አውሬል ባበሽ የተባለ ሮማኒያዊ ሐኪም ቡካሬስት ላይ በራሱ መንገድ ከተመሳሳይ ሐሳብ ደርሶ ነበር፤ እሱንም ዓለም ብዙ አላዳመጠውም። ፓፓኒኮላው ከኸርበርት ትራውት ጋር ሆኖ ዓለምን ያሳመነው በ1941 ባወጡት ጽሑፍና በ1943 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። ዛሬ «ፓፕ» የምንለው ምርመራ ስሙን ያገኘው ከሱ ነው።

ፓፕ ዓለምን ለወጠ። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት በ1949 ጀመረች፤ ፊንላንድና ሌሎች አንዳንድ የኖርዲክ አገሮች በ1960ዎቹ ሴቶችን በስም ዝርዝር እየጠሩ መመርመር ያዙ። በደንብ በተደራጀበት አገር ሁሉ በዚህ ካንሰር የሚሞቱ ሴቶች ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

«በደንብ በተደራጀበት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ፓፕ ብቻውን ዕቃ አይደለም፣ ሰንሰለት ነው። አንድ ሰው ናሙናውን መስታወት ላይ ይቀባል። መስታወቱ ላብራቶሪ ይሄዳል። የሠለጠነ ሰው አንድ በአንድ ያየዋል። አጠራጣሪውን ፓቶሎጂስት ያረጋግጣል። ውጤቱ ይጻፋል፣ ይመለሳል። ሴትየዋ ትጠራለች። ትመጣለች። ሌላ ምርመራ ይደረግላታል። ከዚያ ትታከማለች። ከነዚህ አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች የቀሩት ሁሉ ከንቱ ናቸው።

▪️ መሳቢያ ውስጥ ያለው ወረቀት

ይህን ሰንሰለት እኔ ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ አክስቴ ከገጠር ለሠርግ አዲስ አበባ መጣች። የወገብ ሕመም ስለነበረባት ይዣት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ጠንቃቃ ነበረች፤ ከሌላው ምርመራ ጋር የማህፀን በር ናሙና ወሰደች። «ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው» ተባልን። አክስቴ ሦስት ሳምንት የምትቀመጥበት ምክንያት አልነበራትም፤ አጨዳ ደርሶ ነበር። «አንተ ታመጣልኛለህ፣ ምን ቸገረኝ!» ብላኝ ሄደች።

የፈተና ሰሞን ነበር። ወረቀት አርማለሁ፣ ውጤት እሞላለሁ፣ ዛሬ ነገ እላለሁ። ውጤቱን ያመጣሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት፤ በእንግሊዝኛ «ለተጨማሪ ምርመራ ትምጣ» የሚል ትርጉም ያለው ሁለት መስመር ተጽፎባታል። በዚያን ጊዜ እነሱ ሰፈር ስልክ የለም። ለገበያ የሚመጣ ሰው ፈልጌ መልእክት ላክሁ። መልእክቱ ደረሰ አልደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት።

አክስቴ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ደም እየፈሰሳት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተርክላችሁም። በዚያ ዘመን ለመላው አገር የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር ብዬ ልለፈው።

ምርመራው አልተሳሳተም። ሐኪሟ አልተሳሳተችም። ላብራቶሪው በጊዜው አንብቦ ትክክለኛውን መልስ ጽፏል። የተበጠሰችው ቀለበት እኔ ነኝ። ለዓመታት ራሴን ከሰስኩ፤ ክሱንም ሙሉ በሙሉ አላነሳሁም። ነገር ግን እያደር አንድ ነገር ገባኝ። የአንዲት ሴት ሕይወት አንድ አስተማሪ በፈተና ሰሞን ወረቀት ከማምጣቱ ጋር የታሰረ ከሆነ፣ ለኛ አገር የተሠራ ምርመራ አይደለም።

ይህን ሐሳብ ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም ያሰብኩት። በዚያው ሰሞን ዚምባብዌ፣ ታይላንድና ሕንድ ውስጥ ያሉ ሐኪሞችና ነርሶች ይኸንኑ ጥያቄ ይዘው ይሠሩ ነበር። መልሳቸው ያረፈው አቼቶ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ አቼቶው እንሂድ።

▪️ አቼቶ ከየት መጣ?

የአቼቶው ዘር የድሃ አገር አይደለም፤ ጀርመን ነው። ሃንስ ሂንሰልማን የተባለ የማህፀን ሐኪም በ1925 የማህፀን በርን አጉልቶ የሚያሳይ ኮልፖስኮፕ የተባለ መሣሪያ ሠራ። በ1930ዎቹ ደግሞ የአቼቶን አሲድ ቀጥኖ ሲቀባበት የተበላሸው ቦታ ነጭ ሆኖ እንደሚታይ አስተዋለ። ቪየና ላይ ዋልተር ሺለር በበኩሉ አዮዲን ይቀባ ነበር፤ ጤነኛው ቦታ ይጠቁራል፣ የታመመው ቀለም አይዝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥሬ የእንቁላል ውኃ ላይ ሎሚ ብትጨምቁ ይነጣል፤ አሲዱ ፕሮቲኑን ስለሚያረጋው ነው። ወደ ካንሰር እየሄዱ ያሉ ሴሎች ኒውክለሳቸው ትልቅ፣ ፕሮቲናቸውም ብዙ ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሲድ ተቀብቶባቸው አንድ ደቂቃ ያህል ሲጠበቅ ከጤነኛው ተለይተው ይነጣሉ። ከደቂቃዎች በኋላ ንጣቱ ይጠፋል። ያው ኬሚስትሪ ነው።

የሂንሰልማንን ስም ካነሳሁ ሌላውንም ማንሳት አለብኝ፤ ታሪክ ግማሹ ብቻ አይነገርም። በናዚ ዘመን የሮማ ሴቶችን በግዳጅ በማምከን ሥራ ተሳትፏል፤ ከጦርነቱ በኋላ ተፈርዶበታል። አውሽቪትዝ ውስጥም ኤድዋርድ ቪርትስ የተባለው የካምፑ ዋና ሐኪም በእስረኛ ሴቶች ላይ የማህፀን በር ምርመራ ያካሂድ ነበር፤ ናሙናዎቹ ወደ ሀምቡርግ ይላኩ ነበር። ዛሬ ሕይወት የሚያተርፍ ዕውቀት ውስጥ ያለ ፈቃዳቸው የተነኩ ሴቶች ስቃይ አለ። አንዲት እናት «ለምን እንደምትነኩኝ አስረዱኝ» ስትል መልስ የማግኘት መብቷ ከዚህም ታሪክ ይመነጫል።

ለአሥርት ዓመታት አቼቶ የኮልፖስኮፕ ረዳት ሆኖ ቆየ። በ1982 ሁለት ጣሊያናውያን፣ ኦታቪያኖና ላ ቶሬ፣ ከፍሎረንስ አንድ ጥናት አወጡ። 2,400 ሴቶችን በአቼቶ አይተው፣ ያለ መሣሪያ በባዶ ዓይን ማየት ከኮልፖስኮፑ ብዙም እንደማይርቅ አሳዩ። ማሽኑን አውጥተው ዓይኑን አስቀሩት ማለት ነው።

▪️ ሐራሬ፣ ሮይ ኤት፣ ሙምባይ

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ይህን ዓይን ነርስ ሊኖራት ይችላል ወይ?» የሚል ነበር።

በ1999 የዚምባብዌ ዩኒቨርሲቲና ጃይፒጎ የተባለው ድርጅት በዚምባብዌ ጤና ተቋማት ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። መርማሪዎቹ አዋላጅ ነርሶች ነበሩ። ቁጥሩን በቀላሉ ላስቀምጠው። ቅድመ ካንሰር ካለባቸው 100 ሴቶች ውስጥ አቼቶው ወደ 77 ያህሉን ያዘ፤ በዚያው ቦታ የተሠራው ፓፕ 44 ያህሉን። በተቃራኒው ከ100 ጤነኛ ሴቶች ውስጥ አቼቶው ወደ 36 የሚሆኑትን በስህተት «አለብሽ» ሲል፣ ፓፕ ያለው 9 ያህሉን ነው። አቼቶው ብዙ ይይዛል፣ ብዙም ያስደነግጣል። እዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ታይላንድ። ሮይ ኤት በምትባል የገጠር ክፍለ ሀገር ነርሶች በሰባት ወር ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሴቶችን በአቼቶ መረመሩ። የተገኘባትን ሴት «ሂጂና ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» አላሏትም። ፈቃደኛ ከሆነች እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በክራዮቴራፒ አከሟት፤ በጋዝ የቀዘቀዘ የብረት ጫፍ ለሦስት ደቂቃ ይደረግበታል፣ አምስት ደቂቃ ይለቀቃል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። ውጤቱ በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። አንድ ጉብኝት ብቻ፤ መሳቢያ የለም፣ መልእክተኛ የለም።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የጠፋችው ቀለበት ይህች ነበረች። አቼቶው ከፓፕ የበለጠ ስለሚያይ ብቻ አይደለም ያሸነፈው፤ ሴትየዋ ጫማዋን ሳታደርግ መልሱ ስለሚደርስ ነው።

ግን «ያዘ» ማለት «ሕይወት አተረፈ» ማለት አይደለም። ያንን ለማረጋገጥ ሕንድ ውስጥ ትላልቅ ጥናቶች ተደረጉ። ታሚል ናዱ ውስጥ ዲንዲጉል በተባለ ወረዳ የሠለጠኑ ነርሶች በአቼቶ መረመሩ። በ2007 የወጣው ውጤት በተመረመሩት መንደሮች በዚህ ካንሰር የሚሞቱት ካልተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር በ35 በመቶ መቀነሳቸውን አሳየ። ሙምባይ ላይ ደግሞ የታታ መታሰቢያ ሆስፒታሉ ዶክተር ሱሬንድራ ሻስትሪና ባልደረቦቹ በድሃ ሰፈሮች ወደ 150 ሺህ ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት ከ1998 ጀምሮ አካሄዱ። መርማሪዎቹ ሐኪሞችም ነርሶችም አልነበሩም፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ለአራት ሳምንት የሠለጠኑ የሰፈሩ ሴቶች ነበሩ። ሞት በ31 በመቶ ቀነሰ። እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ቋንቋ ብናገር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ አራት ሳምንት ብትማር ከሦስት ሞት አንዱን ያህል ማስቀረት ትችላለች ማለት ነው።

እነዚህ ጥናቶች ግን ከባድ ክርክር አስነስተዋል። ለማነጻጸር ሲባል ብዙ ሺህ ሴቶች ሳይመረመሩ ለዓመታት ተከታትለዋል፤ ከነሱም የሞቱ አሉ። አንዳንድ ሐኪሞች «ፓፕ እንደሚሠራ እየታወቀ ይህ ለምን ተደረገ? ሀብታም አገር ቢሆን ይፈቀድ ነበር?» ብለው በግልጽ ተቃወሙ። ጥናቱን የሠሩት ደግሞ በሕንድ ለሁሉም የሚደርስ የፓፕ አገልግሎት እንዳልነበረ ተናገሩ። ለተማሪዬ «ለኛ አቼቶ!» ያለቻት ሴትዮ ሳታውቀው ይህንኑ ክርክር ነው ያነሳችው።

▪️ ቫይረሱን የሚያይ ሣጥን

ታሪኩ አቼቶ ላይ አላቆመም።

ሃራልድ ትሱር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዚህ ካንሰር መነሻ ኤች.ፒ.ቪ የሚባል ቫይረስ ነው ብሎ ይከራከር ነበር። ብዙዎቹ ሌላ ቫይረስ ይጠረጥሩ ስለነበር አላመኑትም። በ1983 ዓይነት 16ን፣ በ1984 ዓይነት 18ን ከካንሰር ናሙና አውጥቶ አሳየ። በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ክትባቱ የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ አገራችን በታህሳስ 2018 የ14 ዓመት ልጃገረዶችን መከተብ የጀመረችበት ክትባት ማለቴ ነው።

መንስኤው ቫይረስ ከሆነ ደግሞ የተበላሸውን ሴል በዓይን ከመፈለግ ቫይረሱን ራሱን መፈለግ ይቻላል። በ2009 ኦስማናባድ በተባለ የሕንድ ወረዳ ከ130 ሺህ በላይ ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት ውጤት ወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ በኤች.ፒ.ቪ ምርመራ የታዩት ሴቶች መንደር የሞት አደጋ ካልተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ቀነሰ። በዚያው ጥናት አቼቶውና ፓፑ ሞትን በግልጽ ሲቀንሱ አልታዩም። ዲንዲጉል ላይ የሠራ አቼቶ ኦስማናባድ ላይ ያን ያህል አልሠራም። በዓይን የሚደረግ ምርመራ እንደ መርማሪዋ ሥልጠና፣ እንደ ብርሃኑ፣ እንደ ክትትሉ ይለዋወጣል። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይም ብዙ አይመከርም፤ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዓይን አይደርስበትም።

ችግሩ የኤች.ፒ.ቪ ምርመራ ትልቅ ላብራቶሪ መፈለጉ ነበር። ፓዝ የተባለው ድርጅትና ኪያጀን የተባለው ኩባንያ ይህን ለማቃለል ኬር ኤች.ፒ.ቪ የሚባል ምርመራ አዘጋጁ። በ2008 ቻይና ውስጥ ሻንሺ ገጠር የተሞከረበት ውጤት ታተመ፤ የቧንቧ ውኃና የመስመር መብራት በሌለበት ሊሠራ የሚችል፣ በሁለት ሰዓት ተኩል መልስ የሚሰጥ፣ ከ100 ታማሚዎች 90 ያህሉን የሚይዝ። ከዚያ በኋላ ጂን ኤክስፐርት መጣ፤ ብዙዎቻችሁ ለቲቢ ምርመራ የምታውቁት ማሽን ነው። ለኤች.ፒ.ቪ ሲያገለግል በአንድ ሰዓት ገደማ መልስ ይሰጣል።

ለኔ ከማሽኖቹ ሁሉ የበለጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ለኤች.ፒ.ቪ ምርመራ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ መውሰድ ትችላለች፤ መጋረጃ ጀርባ፣ በትንሽ ብሩሽ፣ ማንም ሳያያት። እፍረት ስንቱን ቤት እንዳስቀረ የምታውቁት ታውቃላችሁ። ማከሚያውም ቀሏል፤ ከከባድ የጋዝ ሲሊንደር ይልቅ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ቦታውን በሰከንዶች ሙቀት የሚያክም መሣሪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መመሪያ አውጥቶለታል፤ በ2021 ደግሞ አቅም ባለበት ሁሉ የመጀመሪያው ምርመራ ኤች.ፒ.ቪ እንዲሆን መክሯል።

▪️ ወደ አገራችን ስንመለስ

ኢትዮጵያ ውስጥ በየዓመቱ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደሚያዙ፣ ከ5 ሺህ በላይ እንደሚሞቱ ይገመታል። በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የሁለቱን ቁጥሮች ቅርበት ልብ በሉ፤ አብዛኞቹ የሚመጡት ከረፈደ በኋላ ነው ማለት ነው።

የአቼቶው ምርመራ በሰፊው የተጀመረው ከ2010 ገደማ አንስቶ ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ባለባቸው ሴቶች ነው። አዲስ ተስፋ የተባለው ፕሮጀክት በ14 ሆስፒታሎች ከ16 ሺህ በላይ ሴቶችን መረመረ። ከአሥር አንዷ ተገኘባት። በክራዮቴራፒ መታከም ከሚችሉት ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ታከሙ። የአክስቴን ነገር ለሚያውቅ ሰው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ናት፤ ወረቀቷ መሳቢያ ውስጥ አልቀረችም። በ2015 አገራዊ መመሪያ ወጣ፤ ምርመራው ወደ ጤና ጣቢያዎች ወረደ። የኤች.ፒ.ቪ ምርመራም በአንዳንድ ተቋማት ተጀምሯል።

እዚህም ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አዲሱ ማሽን የድሮውን ስህተት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ናሙናው ዛሬ ተወስዶ ማሽኑ ያለው ሌላ ከተማ ከሆነ፣ ውጤቱ ከወር በኋላ ከመጣ፣ ስልኳ ካልሠራ፣ እንግዲህ ተመልሰን መሳቢያው ጋ ነን። ምርመራ ርካሽ ነው የሚባለው በዋጋው ብቻ አይደለም። ሴትየዋ የምታወጣው የመኪና ገንዘብ፣ የምታጣው የገበያ ቀን፣ ልጆቿን የምትተውበት ጎረቤት ሁሉ ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ የሚያመላልስ ምርመራ በነጻም ቢሰጥ ውድ ነው።

▪️ ለሴትዮዋ የምትሰጪው መልስ

ስለዚህ፣ የኔ ልጅ፣ «የድሃ ምርመራ ነው» ስትልሽ አትከራከሪያት። እንዲህ በያት።

እውነትሽን ነው፤ ሀብታም አገር ቢሆን በቫይረስ ምርመራ ትታዪ ነበር። እሱም እየመጣ ነው፤ ሲመጣ የኔ ነው ብለሽ ጠይቂው። ይህ የማቀርብልሽ ግን የሰላጣ ትርፍ አይደለም። ጀርመን ተጀምሮ፣ ጣሊያን ተፈትኖ፣ ዚምባብዌ ነርሶች እጅ ገብቶ፣ ሕንድ ውስጥ እንዳንቺ ያሉ ሴቶችን ሕይወት ማትረፉ ተቆጥሮ የመጣ ነው። ይሳሳታል፤ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሌለብሽን «አለብሽ» በማለት ነው፣ አንዳንዴም ያለውን ያልፋል። ስለዚህ በቀጠሮሽ ተመለሺ። ግን ዛሬ መጥተሽ ዛሬ መልስሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ካለብሽም አብዛኛውን ጊዜ ዛሬውኑ ታክመሽ።

(ለሌሎቻችሁም አደራ፤ ቤት ያለውን አቼቶ ይዞ መሞከር የለም! መጠኑ የሚዘጋጀው በባለሙያ ነው፣ የሚያየውም የሠለጠነ ዓይን ነው።)

ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆነ እህቶቼና ተማሪዎቼ፣ አቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ምርመራው እንዳለው ጠይቁ። ኤች.አይ.ቪ ያለባችሁ ደግሞ 30 ዓመት ሳትጠብቁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ደም ያለ ጊዜው ከታያችሁ ይህ የማጣሪያ ጉዳይ አይደለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። ወንዶቹ፣ እናንተ ደግሞ የትራንስፖርቱን ስጡ፣ ልጅ ያዙ፣ አብራችሁ ሂዱ። ውጤት አምጡ ከተባላችሁ በዚያው ቀን አምጡ። ይህን የምለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ወረቀቷን አሁንም አልጣልኳትም። ቀለሟ ደብዝዟል፣ ሁለቱ መስመሮች ግን ይነበባሉ።

ያላችሁን ጥያቄ ከታች ጻፉልኝ። ጤና ላይ የምትሠሩ ተማሪዎቼ ከኔ የተሻለ ስለምታውቁ፣ የተሳሳትኩት ካለ እንደ ድሮው እጃችሁን አውጡና አርሙኝ።